የሳምፔን ዓይን ማን ከፈተው?

ይህ የሆነ ነገር ነው።

የሳምፔን ቤት አውቀዋለሁ። ደረጃውን ወጥቼ ከእናቱ ጎን ተቀምጫለሁ። ያልሰማሁትን አልጨምርም፣ የሰማሁትንም አላጎድልም። ስናገር የሚሰማኝ አንድ አምላክ አለ።

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ነበር። ሌሊት አይደለም፤ የቀን ብርሃን ነው። ቦታው ከራንቴፓኦ ከተማ ወጣ ብላ ከሩዝ ማሳው መሃል ያለች መንደር ናት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ዳማሪስ የምትባል ልጅ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

ከኋላዋ የእናቷ ድምፅ መጣ።

«ዳማ... ማነው እሱ?»

ግን ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

በእኛ ሰፈር ያሉ ልጃገረዶች ያንን የኑሮ ጌም ይጫወታሉ። ታውቁታላችሁ። ሰው ትፈጥራላችሁ፣ ቤት ትሠሩለታላችሁ፣ ታበሉታላችሁ፣ ትድሩታላችሁ፣ ሲያረጅም ትቀብሩታላችሁ። ሌላ አገር ያለ ተጫዋች ጌሙን እንደተፈጠረ አይጫወተውም። ሞድ ይጭንበታል። ሞድ ማለት ተጫዋቾች ራሳቸው ሠርተው በነፃ የሚለቁት ጭማሪ ነው። አዲስ ፀጉር፣ አዲስ ልብስ፣ አዲስ ፊት።

የኛዎቹ ግን ሞድ አይነኩም።

በትልቁ ከተማ በማካሳር ያሉ ዘመዶቻቸው ይስቁባቸዋል። «ቫይረስ ፈርታችሁ ነው አይደል? ወይ የገጠር ልጅ!» ይሏቸዋል።

የኛዎቹ ፈገግ ብለው ወሬ ይቀይራሉ።

ዳማሪስ ሃያ ዓመቷ ነው። አንድ ታላቅ ወንድም ነበራት፤ ሳምፔ። ላፕቶፑን ከከተማ ገዝቶ ያመጣላት እሱ ነው። ያገለገለ ነው፣ አንድ ቁልፉም ወልቋል። ማታ ማታ አብረው ይጫወቱ ነበር። እሷ ቤት ትሠራለች፣ እሱ ያፈርሳል።

«አንተ! ወጥ ቤቱን አቃጠልከው እኮ!»

«እሳት የማያውቅ ሰው ምድጃ ላይ አቁመሽ እኔ ላይ ትጮሂያለሽ?»

«ሰዎቼን ገደልክብኝ!»

«አልሞቱም አንቺ ደግሞ... ታመው ነው» ይላታል፣ ሆዱን ይዞ እየሳቀ።

ይህ የኛ ቀልድ ነው። በእኛ ተራራ ሰው ትንፋሹ ስለቆመ ብቻ ሞተ አይባልም። ታመመ ነው የሚባለው። ዘመድ ከያለበት እስኪሰበሰብ፣ ለቀብሩ የሚታረዱት ጎሾች እስኪሟሉ ድረስ፣ በቤቱ ደቡብ በኩል ባለው ክፍል ይተኛል። ሰውነቱ እንዳይበላሽ መድኃኒት ይወጋል። ራሱ ወደ ምዕራብ ነው፣ እንደ ማንኛውም እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው። ጠዋትና ማታ ምግብ ይቀርብለታል። ያጫውቱታል። የቀብሩ ቀን ሲደርስ ወንዶቹ አንስተው ራሱን ወደ ደቡብ ያዞሩታል።

ያኔ ሞተ ይባላል። ያኔ ነው መንገዱን የሚጀምረው።

ወንጌሉንም እናነባለን፣ ይህንንም እናደርጋለን። አንዱ ሌላውን አስቀይሞብን አያውቅም።

በአንድ የጉም ቀን፣ ወደ ፓሎፖ ከተማ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ፣ የሳምፔ ሞተር ሳይክል ገደል ገባ።

ሳምፔ ታመመ።

አባቱ ፓሊንጊ ባሕር ማዶ ፓፑዋ ውስጥ፣ ከማዕድን ማውጫ ነው የሚሠራው። ዝናቡ ሳያልፍ ፈቃድ አያገኝም። ስለዚህ ሳምፔ ከደቡቡ ክፍል አባቱን ይጠብቅ ጀመር።

የሳምፔ እናት ጠንካራ ሴት ናት። አላለቀሰችም። ለታመመ ሰው አይለቀስማ። ጠዋት ጠዋት ሩዙንና የአሳማ ሥጋውን ይዛ ትገባለች።

«ሳምፔ፣ ተነስ። ሩዙ ሳይቀዘቅዝ።»

አጎቱ ሮምቤ ደግሞ የቅርንፉድ ሲጋራ ለኩሶ ከራስጌው ያስቀምጥለትና ይተርበዋል።

«አንት ሰነፍ! እኛ ማሳ ውለን ስንመጣ አሁንም ተኝተሃል? ሚስት ሳታገባ እንዲህ ከሆንክ ስታገባ ምን ልትሆን ነው?»

ጎረቤቱ ሁሉ ይስቃል። እናትየውም ትስቃለች።

ግን ሲወጡ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትላለች።

«ልጄን ሙሉውን ነው የምሸኘው። ከሱ አንዲት ነገር እዚህ አትቀርም። ግማሹ የቀረ ሰው ከዚያኛው አገር አይደርስም... በየመንገዱ ይቀራል።»

ዳማሪስ ይህን ስትሰማ አንገቷን ትደፋለች።

ምክንያቱም እሷ እዚያ ክፍል ገብታ አታውቅም።

ሁሉም ያዋራዋል። ሕፃናት ሳይቀሩ «ጋሼ ሳምፔ» እያሉ ይገባሉ። እሷ ግን ደጃፉ ድረስ ትሄድና እግሯ ይያዛል። የምትለው ይጠፋታል። ከሳቁ በቀር ስለ እሱ የምታውቀው ነገር የለማ። የማይስቅ ሳምፔን ምን ብላ ታናግረው?

ስለዚህ ጌሙን ከፈተች።

ልትፈጥረው ፈለገች። አንዴ ብቻ ሲሄድ ልታየው፣ አንዴ ብቻ ወጥ ቤት ሲያቃጥል ልታየው። ግን የጌሙ ፊቶች እሱን አልመስል አሏት። አፍንጫው የፈረንጅ ነው። ቅንድቡ ላይ ጠባሳ የለም። ፀጉሩም አይከረደድም።

ሞድ ፍለጋ ገባች።

ፀጉሩን አገኘች። የቆዳ ጃኬቱን አገኘች። በመጨረሻም የሠሪው ስም ያልተጻፈበት አንድ ሞድ አገኘች። «ፎቶ ስጡኝ፣ ፊቱን እሠራላችኋለሁ» ይላል።

ፎቶ ፈለገች። ሳምፔ ፎቶ ሲነሳ አርፎ አያውቅም። አንዱ ላይ ምላሱን አውጥቷል፣ አንዱ ላይ የራስ ቁር አድርጓል፣ አንዱ ላይ ሲሮጥ ተነስቷል። ፊት ለፊት፣ ቀጥ ብሎ፣ ሳይንቀሳቀስ የተነሳው አንድ ፎቶ ብቻ ነው ያለው።

እናትየው ከደቡቡ ክፍል ያነሳችው።

በእኛ ዘንድ ይህ ነውር አይደለም። ከታመመ ሰው ጋር ፎቶ እንነሳለን፤ ሩቅ ላለ ዘመድ እንልካለን። ለአባቱም የተላከው እሱ ነበር። ዳማሪስ አላመነታችም። ሌላ አገር ያለ ሰው ይህን ፎቶ ለጌም አይሰጥም። የኛ ሰው ግን ለምን ብሎ ያመነታል?

ሰጠችው።

ስክሪኑ ጥቂት ጠቆረ።

ከዚያ ሳምፔ መጣ።

አፍንጫው፣ አገጩ፣ ጠባሳው... ሁሉም እሱ ነው። ዳማሪስ አፏን በእጇ ያዘች።

ቆይታ ነው የገባት።

በፎቶው ላይ ዓይኑ ተጨፍኗል።

በስክሪኑ ላይ ግን... ተከፍቷል።

እሺ፣ ሞዱ ዓይን ጨምሮለት ይሆናል አለች። ጠጋ ብላ አየች። ሳምፔ በግራ ዓይኑ ነጭ ላይ ትንሽዬ ቡናማ ነጥብ ነበረችው፤ ሲወለድ አብራው የመጣች። በፎቶው ላይ ልትታይ አትችልም።

ነጥቧ አለች።

ቤት ሠራችለት። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ምድጃ ሰጠችው። «አብስል» ብላ አዘዘችው። አላበሰለም። «ብላ» አለችው። ከገበታው ተቀመጠ፤ አልበላም። በጌሙ ምግቡ ተበላሸ፣ ዝንብ ወረረው፤ እሱ ዝም ብሎ ተቀምጧል። የረሃቡ መለኪያ ግን ፈቅ አላለም። ሰው ካልበላ በዚያ ጌም ይሞታል።

እሱ አልሞተም።

አልጋውን በመስኮቱ ትይዩ አስቀምጣው ነበር። በማግስቱ ስትከፍተው አልጋው ዞሯል። ራስጌው ወደ ምዕራብ ነው።

መለሰችው።

ደግሞ ዞረ።

ዳማሪስ አለመፍራቷ ገረማት። ይልቅ ደስ አላት። «እልኸኛ» አለችው በሹክሹክታ፣ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ። «ድሮም እልኸኛ ነህ።»

ሳምፔ ቀና ብሎ አያት።

በዚያው ሰሞን ነው እናትየው ከደቡቡ ክፍል ሳህኑን ይዛ ስትወጣ ደጃፉ ላይ የቆመችው።

«ዳማ...»

«አቤት እማዬ።»

«የወንድምሽ ጠባሳ በየትኛው ቅንድቡ ነበር?»

«በቀኙ ነዋ። ምነው?»

እናትየው ወደ ክፍሉ ዞራ አየች። ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ ቆየች።

«ምነው እማዬ?»

«አይ... ዓይኔ ነው መሰለኝ። አርጅቻለሁ።»

ዳማሪስ ላፕቶፑን ከፈተች። ጠባሳው አለ። ከትናንቱ ይልቅ ጎልቷል።

በሌላ ቀን ደግሞ አጎቷ ሮምቤ ሲጋራውን ለኩሶ ገብቶ ወዲያው ወጣ። ተረቡ የለም።

«ምን ሆንክ አጎቴ? ዛሬ አልሰደብከውም እኮ» አለችው።

«ልሰድበው ፈልጌ... ማንን እንደምሰድብ ጠፋኝ» አለ፤ ፊቱን በመዳፉ እያሸ። «ተይው እስቲ። የጠጣሁት ነው።»

አልጠጣም ነበር።

ያን ጊዜ ነው ያ ዘጠኝ ሰዓት የመጣው። ዝናብ ነበር። እናትየው ሳህኑን ይዛ ወደ ደቡቡ ክፍል ስታልፍ በልጇ ትከሻ ላይ አሻግራ አየች።

«ዳማ... ማነው እሱ?»

ዳማሪስ ላፕቶፑን ልትከድን እጇን ሰደደች። እናትየው ያዘቻት።

«ሳምፔ ነው እማዬ።»

እናትየው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች።

«ጌም ነው። እኔ ነኝ የሠራሁት። ፎቶውን ሰጥቼ...»

«የትኛውን ፎቶ?»

«አንቺ ያነሳሽውን።»

እናትየው ቀስ ብላ ተቀመጠች። እንደምትቆጣ የገመተችው ዳማሪስ ዓይኗን ጨፈነች።

«ከመቃብሩ ደጅ የሚቆመውን የሟቹን የእንጨት ምስል የሚጠርበው ሰው እንኳ» አለች እናትየው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ዓይን የሚሠራለት በቀብሩ ቀን ነው። ለታመመ ሰው ሌላ ዓይን አይሠራለትም። ሁለት ቦታ እንዳያይ። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። አንቺ ግን...»

«እንጨት እኮ አይደለም እማዬ። ጌም ነው።»

እናትየው አልሰማቻትም። ስክሪኑን እያየች ነበር። ሳምፔ ከባዶው ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ ወደ እሷ ይመለከታል።

«ያየኛል» አለች።

ከዚያ ሳህኑን ላፕቶፑ ፊት አስቀመጠችው።

«ሳምፔ... ብላ ልጄ። ሳይቀዘቅዝ።»

በጌሙ ጠረጴዛ ላይ ሳህን የለም። ዳማሪስ ምንም አላዘዘችም።

ሳምፔ እጁን አነሳ።

መብላት ጀመረ።

ዳማሪስ ይህን ስትነግረኝ እዚህ ላይ ስትደርስ ቆመች። ውሃ ጠጣች። «ሩዙን በኋላ ቀመስኩት» አለችኝ። «ትኩስ ነው። ግን ጣዕም የለውም። ጨው አይደለም የጎደለው... ሩዝነቱ ነው የጎደለው።»

ከዚያ ቀን በኋላ እናትየው ወደ ደቡቡ ክፍል መግባት ተወች።

ጠዋትም ማታም ሳህኑ ላፕቶፑ ፊት ነው። ሌላውን ሥራ ሁሉ ዳማሪስ ትሠራለች። እናትየው ተቀምጣ ታወራለች። የጎረቤት ወሬ፣ የአሳማው መውለድ፣ የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ጠብ። አንዳንዴ ትስቃለች። እንደዚያ ስትስቅ ዳማሪስ ከሳምፔ መታመም ወዲህ አይታት አታውቅም። እንዴት ታስቁማት?

«የሳምፔ እናት!» ይላል ሮምቤ ከደረጃው ሥር። «ለልጁ ሩዝ የለም እንዴ ዛሬ?»

«በልቷል» ትለዋለች።

«መቼ? ክፍሉ እኮ ዝግ ነው።»

«በልቷል አልኩህ።»

ከሲጋራው የቀረ አመድ ከደቡቡ ክፍል ራስጌ ሰነበተ። የሚጠርገው ሰው አልነበረም።

በጋው ገባ። ፓሊንጊ ከፓፑዋ መጣ። ጥቁር፣ ጠንካራ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ሻንጣውን ሳያወርድ፣ ሚስቱን ሳይስም፣ በቀጥታ ወደ ልጁ ክፍል ገባ።

ብዙ አልቆየም።

ሲወጣ የበሩን መቃን ይዞ ነበር።

«ሮምቤ...» አለ በሹክሹክታ።

«አቤት ወንድሜ።»

«እዚያ የተኛው ማነው?»

«ምን ማለትህ ነው? ልጅህ ነዋ!»

«ጃኬቱ የልጄ ነው። እጁ የልጄ ነው።» በእጁ ወደ ክፍሉ ጠቆመ። «ፊቱ... የማንም አይደለም። እንዳልተጻፈበት ወረቀት ነው። እንዲህ ሆኖ ማን ብዬ ነው የምሸኘው? ማን ብሎ ነው የሚቀበለው?»

ሮምቤ አንገቱን ደፋ። ያን ጊዜ ነው ሁሉም ያዩት፣ ግን ማንም ለማንም ያልነገረው ነገር የተገለጠው።

ዳማሪስ መሬት ላይ ተንበርክካ ለአባቷ ሁሉንም ነገረችው። ሞዱን። ፎቶውን። ዓይኑን። ሩዙን።

ፓሊንጊ አልጮኸም። እጁን ራሷ ላይ አደረገ።

«ናፍቆሽ ነው» አለ።

እሷ ያኔ ነው ያለቀሰችው።

«አጥፊው ልጄ። ነገ ሳያዞሩት አጥፊው። እኔ ልጄን መንገድ ላይ ጥዬ ወደ ሥራዬ አልመለስም።»

በማግስቱ ረፋድ ግቢው ሞልቷል። ጎሾቹ ታስረዋል። ቀርከሃ ውስጥ የሚጠበሰው ሥጋ ይጨሳል። ሴቶቹ ጥቁር ለብሰዋል። የሚያዞሩት ወንዶች ከደቡቡ ክፍል ደጃፍ ቆመው ይጠብቃሉ።

እናትየው ላፕቶፑን ታቅፋ ከጓዳ ተቀምጣለች።

«እማዬ... ስጪኝ።»

«ቆይ።»

«ሰዎቹ እየጠበቁ ነው።»

«ይጠብቁ። አንድ ቀን ብቻ። ዛሬን ብቻ።»

«እማዬ፣ እዚያ ያለው ፊት የለውም።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«ከማንም በፊት ነው ያወቅኩት።» የእናትየው ድምፅ ከሹክሹክታ አነሰ። «ዳማ፣ እዚያ ያለውን ስንት ጊዜ ጠራሁት። ተነስ አልኩት፣ ብላ አልኩት። አንድ ቀን አላየኝም። ይሄ ያየኛል። ይሄ ሲያየኝ እንዴት ሂድ ልበለው?»

ዳማሪስ ከጎኗ ተቀመጠች። ሁለቱም ስክሪኑን አዩ። ሳምፔ ቤቱን ትቶ ከደጁ ቆሟል። እጆቹ ተንጠልጥለዋል። እንደ ድሮው አይስቅም። መቼም ስቆ አያውቅም። ዳማሪስ ይህን ያየችው ገና አሁን ነው። ያን ሁሉ ጊዜ አብራው ተቀምጣ፣ ይህ ሳምፔ አንድ ጊዜ እንኳ አልሳቀም።

«እማዬ» አለች፤ «ሳምፔ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ወጥ ቤቱን አቃጥሎታል።»

እናትየው በእንባ መሃል ትንፋሿ በሳቅ ወጣ። አንዴ ብቻ።

ከዚያ እጇን ከላፕቶፑ ላይ አነሳች።

ዳማሪስ ሞዱን አጠፋችው። ጌሙ «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ ጠየቃት። አዎ አለች። ቤቱን መልሳ ከፈተችው።

ማንም የለም። ሳሩ ላይ የሰው ጥላ ብቻ ወድቋል። ቀስ ብሎ እሱም ጠፋ።

ላፕቶፑን ጥላ ሮጠች። የሚጠብቁትን ወንዶች በክርኗ ገፍታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ደቡቡ ክፍል ገባች።

ሳምፔ ተኝቷል።

በቀኝ ቅንድቡ ላይ ጠባሳው አለ።

አገጩ የሱ ነው። አፍንጫው የሱ ነው። ለወራት ያልደፈረችውን እጁን ያዘችው። ቀዝቃዛ ነበር፣ ግን የሱ እጅ ነበር።

«ሳምፔ... እኔ ነኝ፣ ዳማ። ሳልመጣ ቆየሁ፤ ይቅር በለኝ። ሂድ በቃ። ደህና ግባ።»

ወንዶቹ ገቡ። አንስተው ራሱን ወደ ደቡብ አዞሩት።

ያኔ እናትየው ጮኸች። ከዚያ ቀን ወዲያ ያን የመሰለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። የወራት ልቅሶ በአንድ ትንፋሽ ወጣ። ፓሊንጊ ደግፎ ያዛት። «አልቅሺ» ይላታል። «አሁን ልጃችን ነው። አሁን አልቅሺ።»

ከገደሉ በተፈለፈለው መቃብር አኖርነው። ጸሎት አድርገን ተመለስን። ሁላችንም ሙሉውን የሸኘነው መሰለን።

እንግዲህ ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ልጃገረዶቹ ሞድ ባልፈሩ።

ፓሊንጊ ወደ ሥራው ተመለሰ። በአንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ እንደወጣን፣ ለዳማሪስ ስልክ ደወለ። ፀሐይ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ቆማ አነሳችው።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አጥፍተሽዋል?»

«አጥፍቼዋለሁ አባዬ። ላፕቶፑንም ለሰው ሰጥቼዋለሁ። ምነው?»

ከበስተኋላው የሠራተኞች ጫጫታ ይሰማል።

«እዚህ ከማደሪያችን አንድ የኛ አገር ልጅ አለ። አያቱ ታማ በነበረ ጊዜ በዚያው ሞድ አያቱን ሠርቷት ነበር። እሷም በኋላ ተቀበረች፤ እሱም አጥፍቷታል። ዛሬ ጌሙን ከፍቶ ጠራኝ። ጋሽ ፓሊንጊ፣ ይህን ሰው ያውቁታል ወይ? ከአልጋዎ በላይ ካለው ፎቶ ጋር ተመሳሰለብኝ አለኝ።»

ዳማሪስ ግድግዳውን ተደገፈች።

«ወንድምሽ ከአጥሩ ውጭ ቆሟል ልጄ። በጌሙ ውስጥ ዝናብ ነው። ሌሎችም አሉ፤ ከኋላው ተሰልፈዋል። አሮጊቶች አሉ። የታቀፈ ሕፃን አለ። ሁሉም የኛ ሰዎች ናቸው፣ በአለባበሳቸው አወቅኳቸው። ልጁ አንዳቸውንም አልፈጠርኩም እያለ ይምላል።»

«አባዬ... ዝጉት።»

«ልዘጋው ነበር። ግን ዝናብ ላይ ናቸው። በሩን ክፈትላቸው አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከፈተ። ሳምፔ ግን አልገባም። ጎንበስ ብሎ፣ በሩን በእጁ ይዞ፣ እነሱን አሳለፋቸው። መጀመሪያ አሮጊቶቹን። ከዚያ ሕፃኑን የያዘችውን። ሁሉም ገብተው አለቁ።»

«እሱስ አባዬ? እሱስ?»

ፓሊንጊ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ከዚያ ሳምፔ ወደ ዝናቡ እንደተመለሰ... በሩንም ከውጭ በኩል፣ ቀስ ብሎ፣ ድምፅ እንዳያሰማ አድርጎ እንደዘጋላቸው ነገራት።